ብርብራ የወቀጥኩበት ሙቀጫ

ሙቀጫዬን አቅፌ ወደ ጀልባው ስጠጋ አለቃችን ሳቀብኝ።

«ዘነዘናው ለመቅዘፊያ ነው?»

«አንተ ሲደክምህ እቀዝፍበታለሁ» አልኩት። «ነጭ ሽንኩርት በድንጋይ አልደቁስም። ሙቀጫው ካልሄደ እኔም አልሄድም።»

ሄደ። ከእናቴ ቤት፣ ከቆሰበር ያመጣሁት ትንሽ የዋንዛ ሙቀጫ ነው። ያን ዕለት ወንዙ ዳር ትቼው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ውሸቴን ነው። ሙቀጫ ባይኖር ድንጋይ አላጣም ነበር። ለሽንኩርት የናቅሁትን ድንጋይ ለዚያ ሥራ አልንቀውም ነበር።

ሥራው ምን እንደነበር ልንገር። አለቃችን የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሁለት የጎማ ጀልባ ከየትም ብሎ አምጥቶ፣ ክረምቱ ሲወጣ ፈረንጆችን በበለስ ወንዝ ላይ ለስድስት ቀን እያንሳፈፈ ዓሣ ያስጠምዳቸዋል። ማጥመዱ እንደኛ በትልና በመረብ አይደለም። ረጅም ቀጭን ዘንግ አላቸው። ክሩን ከራሳቸው በላይ እንደ ጅራፍ ያወዛውዙትና ጫፉ ላይ ያለችውን፣ ከላባና ከክር የተሠራች የውሸት ዝንብ ውሃው ላይ ጠብ ያደርጓታል። ዓሣው እውነተኛ መስላው ብቅ ሲል መንጠቆው ይይዘዋል። ከዚያ ፎቶ ይነሱና መልሰው ይለቁታል። ይሄን ስናገር ቆሰበር ውስጥ የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም።

እኔ ወጥ ሠሪና አስተርጓሚ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ሁለት ዓመት ሆቴል ቤት ሳህን ሳነሳ እንግሊዝኛ ለቃቀምኩ። አማርኛና አገውኛ ከቤቴ ነው። ቁጭ ብዬ አላውቅም። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ በቅሏል» ትለኛለች። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ሥራ አለ» ሲለኝ፣ ስንት ይከፈላል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

በዚያ ጉዞ እንግዶቻችን ሁለት ነበሩ፤ ጡረታ የወጣ ፈረንጅና ሚስቱ። አለቃችን ይቀዝፋል። መንገድ መሪያችን ጋሼ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በሰፈራ ጊዜ ከወሎ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው እዚያው ቆላው ውስጥ ያረጁ፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ጀልባው አፍንጫ ላይ ሲቀመጡ ጀልባው የሰው ክብደት የጨመረ አይመስልም። ውሃውን አይተው የት ድንጋይ እንዳለ፣ ጉማሬ የት እንደሚተኛ ይናገራሉ። ጉማሬ ያለበት ስንደርስ የጀልባውን ጎን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ይመቱና «እኛ ነን፣ እኛ ነን» ይላሉ። ጎረቤት ቤት እንደሚገባ ሰው።

የተነሳን ዕለት ድልድዩ ጋ፣ ኔትወርክ ከሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ እናቴ ደወለች።

«አጠገብሽ ትልቅ ሰው አለ?»

«አለ።»

«አገናኚኝ።»

አፈርኩ፤ ያን ጊዜ የማፍረው እንዲህ ባለው ነገር ነበር። ስልኩን ለጋሼ ሰጠሁ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስልኩን ሲቀበሉ ተነሥተው ቆሙ። የእናቴ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል። «ወንድሜ፣ አላውቅዎትም። ልጄ እሳት ናት። ያቀበጣትን እንጃ፣ ውሃ ላይ ወጥታለች። አደራዎን፣ የሰማይ የምድር አደራ።»

«ደርሶኛል እኅቴ» አሉ ጋሼ። «አደራሽን ተቀብያለሁ። እንደሰጠሽኝ እመልስልሻለሁ።»

ስልኩን ሲመልሱልኝ እየሳቅሁ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ዋና እችላለሁ» አልኳቸው።

«ለውሃውማ ማን ፈራ» አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ፈረንጁ መዳፍ የምታህል ዓሣ ያዘና ለቀቃት። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። «ለምን ለቀቃት? እስቲ ጠይቂው።»

ጠየቅሁት። «አድጋ እንደገና እንድንገናኝ» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«እንግዲያስ ለምን ጠራት? እንግዳን ደጅ ድረስ ጠርቶ፣ ከንፈሩን ወግቶ፣ ‹በል ደህና ግባ›! እኛ ቤት ይሄ ነውር ነው።»

ፈረንጁ ይሄን ስተረጉምለት እስኪያስለው ሳቀ። ሚስቱ በማስታወሻዋ ጻፈችው። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ጠፋ። ክረምቱ ዘግይቶ ስለወጣ ውሃው ገና ድፍርስ ነበር። ሁለተኛው ቀን ምንም። ሦስተኛው ቀን ምንም። ፈረንጁ ከጠዋት እስከ ማታ ጅራፉን ሲያወዛውዝ ይውልና ማታ ትከሻውን እያሸ «ነገ» ይላል። ሚስቱ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረች። አለቃችን መሳቅ አቆመ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጋሼ አገር ደረስን። እዚያ ከጎን የሚመጣ ወንዝ በለስን ይቀላቀላል፤ የሚገናኙበት ቦታ ውሃው ሰፍቶ፣ ጠልቆ፣ ጸጥ ይላል። ማረፊያው ይሉታል። በክረምት ዓሦቹ ሽቅብ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት ከዚያ በላይ ነው፤ ሲወጡም ሲወርዱም እዚያ ያርፋሉ። ጋሼ ከጀልባው ሳንወርድ በእጃቸው አሳዩን። «ከዚያ ጥቁር ድንጋይ እስከዚህ ሾላ ድረስ ክረምት ከገባ ጀምሮ እስከ ኅዳር ሚካኤል መንጠቆ አይገባም። መረብ አይገባም። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ነባሩም ሰፋሪውም ተስማምቶበታል።»

አለቃችን፣ «እኛ እኮ እንለቃለን ጋሼ» አለ።

«ማረፊያ ነው አልኩህ። የተኛን ሰው ቀስቅሰህ ‹ተኛ› ብትለው ምን ጠቀምከው?»

አለቃችን እጁን አነሣ። ዳር ላይ ድንኳን እንተክላለን እንጂ ክር አንጥልም ተባለ።

ማታ እሳት ዳር ጋሼ ታሪኩን አስፍተው ነገሩን። ሰፋሪው መጀመሪያ ሲመጣ ረሃብተኛ ነበር፤ ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ እየወቀጠ ወንዙ ላይ በተነ። በላ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ወንዙ ባዶ ሆነ። ያኔ የጋሼ አባትና የነባሮቹ የአገው ሽማግሌዎች ሾላው ሥር ተቀምጠው ይሄን ሕግ አወጡ። ጠባቂው መጀመሪያ አባታቸው ነበሩ፣ ከዚያ እሳቸው።

«ሰው ሰርቆ ሲያጠምድ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ? ዱላ የለኝ፣ ጠመንጃ የለኝ። ‹ተው› እላለሁ፤ ይተዋል። አጥሩ ቃሌ ነው።»

በነጋታው ጠዋት አለቃችን ድስቶቹ ጋ መጥቶ ተቀመጠ። «ነገም ካልያዙ አለቀልኝ። ለሰው ሁሉ ነው የሚያወሩት፤ ‹ዓሣ የሌለበት ወንዝ ወሰደን› ነው የሚሉት።»

«እኔ ዓሣ ባሳይህስ?» አልኩት። ሳላስበው ነው ያልኩት።

ሳቀ። «አንቺ ዓሣ ካሳየሽኝማ ድስቱን ለሌላ ሰጥቼ አንቺን ጀልባው ፊት ነው የማስቀምጥሽ። አስጎብኚ ነሽ።»

ቀልዱን ነበር። እኔ ግን እንደ ፊርማ ያዝኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድን ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ጀልባው ኋላ፣ በድስትና በጆንያ መሃል ተጨናንቄ የሌሎች ሰዎችን ጀርባ እያየሁ ነው የመጣሁት። ወንዙን ፊት ለፊት ማየት ፈለግሁ። ይኸው ነው።

አለቃችንና እንግዶቹ ጋሼን ይዘው በእግር ወደ ታች ሲወርዱ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ማገዶ ስለቅም ብርብራ አየሁ። ዛፉ ወንዙ ዳር ነው፤ የደረቀው ፍሬ፣ የአምናው፣ ሥሩ ረግፏል።

ብርብራን የማውቀው ከልጅነቴ ነው። አጎቶቼ ዳንግላ በኩል፣ ከቤታቸው በታች ባለ ጅረት ላይ፣ ወቅጠው ይበትኑት ነበር። ዓሣው ይሰክራል። ሆዱን ወደ ላይ ከማድረጉ በፊት ግን አንድ ጊዜ አለ፤ አፉን ከፍቶ ላይ ላዩን የሚልበት፣ ያገኘውን የሚጎርስ የሚመስልበት። እኛ ልጆቹ ቅርጫት ይዘን ውሃ ውስጥ ቆመን ያን ጊዜ ነበር የምንጠብቀው። ትንሽ ከተበተነ ደግሞ ዓሣው ይሰክርና፣ ወዲያው ነቅቶ ይሄዳል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል መሰለኝ። ከማረፊያው በላይ ወንዙ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጭኑ ክንድ ከጥቁሩ ድንጋይ ውጭ ነው። እዚያ ትንሽ እበትናለሁ፤ ዓሣው ብቅ ብቅ ይላል፤ ፈረንጁ ዝንቡን ይጥላል፤ ይይዛል፤ ይለቃል። ማረፊያው አይነካም። ሕግ አልጣስኩም። እንዲህ እያልኩ ወቀጥኩ። ሽንኩርት የምወቅጥበት ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥኩ፤ ዱቄቱን በጨርቅ ቋጠርኩ፤ ሙቀጫውን በአመድና በአሸዋ ፈትጌ አጠብኩት።

የረሳሁት ነገር የኛ ጅረት የደጋ መሆኑን ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ይዘላል፣ ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ ብርብራውን ያጥበዋል። ቆላ ላይ ውሃ ሞቃት ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ የሰጡትን ይዞ ይተኛል። ደጋ ያደገ ሰው ካልሆነ በቀር ይሄን ስሕተት የሚሳሳት የለም።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ጋሼ ለሶላትና ወተት ለማምጣት ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ቋጠሮዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ውሃ ውስጥ ገብቼ ፈታሁት። ትንሽ ልበትን ነበር። ዱቄቱ ግን ውሃው ላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ በዚያ ሁሉ ወንዝ ላይ አንድ እፍኝ ምንድን ነው? ጨመርኩ። ሁሉንም ጨመርኩ። ጨርቁን ሳይቀር አራገፍኩት።

ተመልሼ ሻይ አፈላሁ። ፀሐይ ብቅ ስትል አለቃችንን ቀሰቀስኩት። «ና፣ ላሳይህ።»

ቀጭኑ ክንድ ላይ ውሃው እንደ ዝናብ ጠብታ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይል ነበር፤ ዓሦች አፋቸውን እየከፈቱ። አለቃችን አፉን ያዘ። እንግዶቹን ጠራ። ፈረንጁ ጫማውን ሳያስር ሮጦ መጣ። «ዝንብ እየበሉ ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። አመነኝ። የመጀመሪያውን ጣለ፤ ወዲያው ያዘ፤ ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ። ሚስቱ አጨበጨበች። ሁለተኛ ያዘ። ሦስተኛ። አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «የጀልባው ፊት ያንቺ ነው» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ይሄንንም መጻፍ አለብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ፈረንጁ ሦስተኛውን ዓሣ ሊለቅ ጎንበስ አለ። እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ደግፎ አፉን ወደ ወራጁ አዞረለት። ዓሣው አልሄደም። ጎኑ ላይ ተኛ። ፈረንጁ እንደገና አቀናው፤ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረገ ውሃ አጠጣው፤ እንደ ሕፃን እሽሩሩ አለው። «ደክሞታል» አለኝ ቀና ብሎ። «አድክሜዋለሁ።» ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ተንበርክኮ ቆየ። ያ ሰው ዓሣ እንዳይሞትበት ብሎ ከሩቅ አገር ልዩ መንጠቆ ይዞ የመጣ ሰው ነው። እኔ ዳር ቆሜ አየሁት።

ጋሼ ወተቱን በቅል ይዘው ከኋላዬ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላወቅሁም። ፈረንጁን አላዩም፤ ውሃውን ነው ያዩት።

«ይሄ ዓሣ አልተራበም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰክሯል።»

ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ማረፊያው ወረዱ። ሄድኩ ከኋላቸው። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ጸጥ ያለው ውሃ ነጭ ሆኖ ነበር። ሆድ ብቻ። ትልልቁ፣ ትንንሹ፣ ጣት የሚያህለው ሁሉ። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ከሾላው ሥር ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አንዷ «ኧረ ማረፊያው፣ ኧረ ማረፊያው» እያለች ጭንቅላቷን ይዛለች። ጋሼ ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ ገቡ። አንዷን ዓሣ አነሡና ሆዷን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። እንቁላሉ ወጣ። ዘግይቶ የወጣው ክረምት እሷንም አዘግይቷት ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። ወደ እኛ ማየት ሲጀምሩ አለቃችን ቀድሞ ተናገረ። «እኛ በዘንግ የምንይዝ፣ ይዘን የምንለቅ ሰዎች ነን። ይሄ የእናንተው ሰው ሥራ ነው።» አለቃችን አያውቅም ነበር። ምናልባት ጠርጥሮ ይሆናል፤ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩት።

ፈረንጁና ሚስቱ መጡ። «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ለእሷ የምናገረውን እዚያ ካሉት ሁሉ ከአለቃችንና ከባሏ በቀር የሚሰማ የለም። «የአካባቢው ሰዎች መርዝ ጨምረውበት ነው» አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ጋሼ ሄዳ ትከሻቸውን ያዘችላቸው፤ የገዛ ሰዎቻቸው በደሏቸው ብላ አዝናላቸው። ጋሼ ለምን እንደያዘቻቸው ስላልገባቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኗት።

ጉዞው እዚያ ላይ ተቋረጠ፤ አለቃችን ሰው ልኮ ያስጠራው መኪና ከሰዓት በኋላ ይመጣል ተብሎ ዕቃ መሸከፍ ጀመርን። ሳህኑን ቅርጫት ውስጥ ስከት ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ሙቀጫውን አነሡት። አራት ቀን ሙሉ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ እንደሸተተ የከረመ ሙቀጫ ነው፤ ያን ዕለት ግን እንደ አዲስ ነጭ ነበር። ውስጡን አዩ። ወደ አፍንጫቸው እንኳ አላስጠጉትም።

«ልጄ» አሉ፣ «በዚህ ከእንግዲህ ለሰው ምግብ እንዳትወቅጪ። እንጨት ይመጥጣል። ሰው ይጎዳል።»

መልሰው ቦታው አስቀመጡት። ቦርሳዬን እስከ መኪናው ተሸከሙልኝ፤ እንዲተዉት ብለምናቸውም እንቢ አሉ። አብረውን መጥተው ድልድዩ ጋ ስንደርስ ስልኬን ጠየቁኝ። እናቴን ነው የደወሉላት። ቆመው ነበር የተናገሩት።

«እኅቴ፣ ልጅሽ ደህና ናት። እንደሰጠሽኝ መልሻለሁ።»

እናቴ ስትመርቃቸው ይሰማኛል። ረጅም ምርቃት።

ከሳምንት በኋላ የጋሼ ባለቤት ደወሉልኝ። የተነሳን ዕለት ድልድዩ ጋ ጋሼ በኔ ስልክ ለቤታቸው ደውለው ስለነበር ቁጥሬ እጃቸው ላይ ነበር። አውጫጭኝ ተቀምጦ ነበር አሉኝ። እኛ አገር ጥፋተኛ ሲሰወር የሚደረገው ነው፤ አገር ሁሉ ይቀመጣል፤ ያየ የሰማ ይናገር ይባላል፤ ያላየ ያልሰማ እየተነሣ ይምላል። ሁለት ቀን ተቀመጡ። ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እስላሙ በቁርአን ማለ። ሴቶቹም ማሉ። የቀሩት ጋሼ ብቻ ነበሩ።

«አልምልም አሉ» አሉኝ ባለቤታቸው። «ጠባቂው እሳቸው፣ አልምልም ያሉትም እሳቸው! ‹አላየሁም› አሉ፤ ‹አላውቅም በል› ሲባሉ ‹አላህ ፊት እንደዚያ ብዬ አልዋሽም› አሉ። ‹እንግዲያ ማን እንደሆነ ተናገር› ቢሏቸው ዝም። ያልማለ ጥፋቱን ተሸካሚ ነው፤ ሕጉ ነው። በእሳቸው ላይ ቀረ። ከጥበቃው አነሷቸው። ለእኔም አይነግሩኝ። አንቺ አብረሻቸው ነበርሽ፣ ልጄ። ያየሽው ነገር የለም?»

ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። ሙቀጫው መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል።

«የለም፣ እማማ» አልኩ።

አለቃችን ቃሉን ጠበቀ። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ በሌላ ወንዝ ላይ ጀልባው ፊት ተቀመጥኩ። ወንዙን ፊት ለፊት አየሁት። ጀርባዬን ግን የሚያየኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ እዞር ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ እንግዳ ቀረ፤ ጀልባዎቹ ተጣጥፈው ባሕር ዳር ገቡ። እኔም ወደ ሳህኔ ተመለስኩ። መንገዱ መዘጋቱ ሰበብ ሆነኝ። «መንገድ ቢኖር ሄጄ እናገር ነበር» እያልኩ ዓመቱን ገፋሁት። እየተዘጋ እየተከፈተ ነበር እኮ። ስንት ሰው ሄዶ ተመልሷል።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ሄድኩ። ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። በማረፊያው በኩል ነው የሚያልፈው መንገዱ። ኅዳር ሚካኤል ገና ነበር። ሾላው ላይ አራት መረብ ተሰቅሎ አየሁ፤ እርጥብ።

ጋሼ ሰሊጥ ሲያራግፉ ደረስኩ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፤ ስለ እኛ አገር የድንች ምርት ጠየቁኝ፤ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«አውቃለሁ።»

«ለአገር ሰው ልናገር ነው የመጣሁ፣ ጋሼ።»

«ለማን ብለሽ?»

«ለእርስዎ።»

ሰሊጡን ሁለት ጊዜ አራገፉ። «ለእኔ ከሆነ አምና ነበር።»

ወደ ሰሊጣቸው ተመለሱ። እሑድ የእድር ስብሰባ እንዳለ የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ እኔ ለምን እንደፈለግሁት ሳያውቁ።

ሾላው ሥር ተነሥቼ ተናገርኩ። ባጭሩ ነው የተናገርኩት፤ ስፈራ አጭር እናገራለሁ። ብርብራውን ማን እንደወቀጠ፣ የት እንደበተነ፣ ለምን። «ለምን» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ አነሰ። ጀልባ ፊት ለመቀመጥ ብዬ ነው ማለት ያን ሁሉ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሰማ ቀድሜ አላሰብኩትም ነበር።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው። «አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ፍሬውን ከየት አገኘሽው?»

«ከዚያ ዛፍ።»

አንድ ሰውዬ ከኋላ፣ «እኔ እኮ እንቁረጠው ብዬ ነበር» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት አልሳቀችም። «እኔ የገዛ ወንድሜን ጠርጥሬ ዓመት ሙሉ ቤቱ አልገባሁም» አለችኝ። ያን ሴት አላውቃትም። ጥፋቴ እሷ ቤት ድረስ መሄዱንም አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢው ወደ ጋሼ ዞሩ። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሸሸግኸን?»

«እናቷ በስልክ አደራ ብላኝ ነበር» አሉ ጋሼ። «የተቀበልኩትን ሰው አምጥቼ አውጫጭኝ ላይ ልጣልላችሁ?»

ባለቤታቸው ከሴቶቹ መሃል ሆነው አዩኝ። በስልክ «የለም፣ እማማ» ያልኩትን እያስታወሱ እንደነበር ከዓይናቸው አወቅሁ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጥበቃው ይመለስልህ» አሉ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በአንድ ቀን የፈረሰ አጥር በአንድ ቀን አይቆምም። መጀመሪያ መረባችሁን አውርዱ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሦስቱ ተነሥተው አወረዱ። አራተኛው አላወረደም። «ዘንድሮ የጀመርኩትን ልጨርስ» ብሎ ሄደ። አምና ቢሆን ጋሼ «ተው» ይሉት ነበር፤ ይተው ነበር። ያን ቀን ዝም አሉ። ያ መረብ ሾላው ላይ ሲወዛወዝ አየሁት።

ቤት ተመልሰን ባለቤታቸው ሳይናገሩኝ ሽንኩርትና ሙቀጫቸውን ፊቴ አስቀመጡ። ወቀጥኩ። ወጡ ሲቀርብ ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ ሳህኑን አዩ።

«ማን ወቀጠው?»

«እኔ» አልኩ።

«በማን ሙቀጫ?»

«በኔ ነው፣ ይብሉ» አሉ ባለቤታቸው ቆጣ ብለው።

ጋሼ በአፋቸው ዳር ሳቅ አሉና ጎረሱ። ደህና አድርገው በሉ። አልበላ ያለኝ እኔን ነው።

የኔ ሙቀጫ እስካሁን እናቴ ኩሽና ውስጥ አለ። አልጣልኩትም፣ አላቃጠልኩትም። ማንም እንዳይወቅጥበት ግን «ተሰንጥቋል» ብያለሁ። ለዚያ ሁሉ ሰው ተናግሬ ለእናቴ አልተናገርኩም። ብነግራት፣ አደራዋ ያን ሰው ምን እንዳስከፈለው ማወቅ ይኖርባታላ። በየበዓሉ «ያን ደግ ሰው ሰላም በዪልኝ» ትለኛለች፤ እሺ እላለሁ። ባለፈው ሙቀጫውን አውጥታ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ስንጥቁን ፈለገች።

«የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«አይታይም» አልኳት።